ለሸረሪት የተገዛ አረቄ

ቤታችን የገባ እንግዳ ሁሉ ቀድሞ የሚያየው ሶፋውን አይደለም፤ ጣሪያው ጥግ ላይ የተንጠለጠለውን የሸረሪት ድር ነው። ሴት ከሆነች ባለቤቴን በጎን ታያታለች፤ ወንድ ከሆነ እኔን በአዘኔታ ያየኛል። ባለፈው ጊዜማ አንዲት ዘመዳችን መጥረጊያ አንሥታ ወንበር ላይ ስትወጣ፣ ባለቤቴ ልጇ የተነካባት ያህል ዘልላ እጇን ያዘቻት። ዘመዳችን ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ እኛ ጤንነት ጸሎት እንደያዘች ሰምቻለሁ። ጸሎት አይጠላም፤ ይቀጥል። እኔ ግን ነገሩን አንድ ጊዜ ጽፌ ብገላገል ይሻላል አልኩ። ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ ወረቀቱን ሰጥቼው እኔ ምሳዬን እበላለሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ሆሳዕና ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ሳለሁ። መምህር ስላችሁ ትልቅ ሰው እንዳይመስላችሁ። አንድ ሱሪ፣ ሁለት ሸሚዝ፣ ለአራት ሰው የሚበቃ ጉራ፤ ንብረቴ ይኸው ነበር። አገሬ ከምባታ፣ ዳምቦያ ነው። እናቴ ካቶሊክ አድርጋ አሳድጋኛለች፤ ጉራውን ያሳደግሁት ግን ራሴ ነኝ።

በዚያ ዓመት የማስተማሪያ መርጃ መሣሪያ ከአካባቢ በሚገኝ ነገር አዘጋጁ የሚል መመሪያ መጣ። የሒሳብ መምህሩ ጠጠር ለቀመ። የጂኦግራፊው መምህር ከጭቃ ተራራ ሠርቶ ደጅ ቢያሰጣው ዝናብ መትቶ ሜዳ አደረገበት፤ እሱም ሳያፍር የአፈር መሸርሸር ብሎ አስተማረበት። እኔ ሸረሪት መረጥኩ። ምክንያቱ ሳይንስ አይደለም፤ ስንፍና ነው። የተከራየሁት ክፍል ጣሪያ በሸረሪት የተሞላ ስለነበር ከአልጋዬ ሳልነሣ ምርምር ማካሄድ እችል ነበር።

ከቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ሥር ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘሁ። ሸረሪቶችን በየቤተሰባቸው የሚለይ መጽሐፍ ነው። አሠራሩ የእኛን አገር ሽማግሌ ይመስላል። ዓይኗ ስምንት ነው ስድስት ብሎ ይጠይቅሃል፤ ስምንት ከሆነ ወደ ቁጥር አራት፣ ስድስት ከሆነ ወደ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ይሰድሃል። እዚያ ስትደርስ ደግሞ የእግሯ ጥፍር ሁለት ነው ሦስት ይልሃል። እኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ የማን ልጅ ነህ፣ ጎሳህ ማነው፣ እናትህስ ከእነማን ናት ተብሎ በሦስተኛው ጥያቄ የአክስት ልጅ ሆኖ ይገኝ የለም? እንደዚያው ነው። ልዩነቱ ሸረሪት ስትጠየቅ አለመመለሷ ነው። ዓይኗን እየቆጠርኩ የምመልስላት እኔው ነኝ። የእሷን ዓይን ስቆጥር የራሴን ግማሽ ከሰርኩ፤ ዛሬ የማደርገው ወፍራም መነጽር የዚያ ዘመን ማስታወሻ ነው።

ማስቀመጫ ብልቃጥ ስላልነበረኝ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። በሩ ላይ ያገኘኋት ታደለች የምትባል ጤና ረዳት ነበረች፤ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ያለው የሞርሲቶ ልጅ። ባዶ የፔኒሲሊን ብልቃጥ እንድትሰጠኝ ለመንኳት።

«ለምንህ ነው?» አለች።

«ለሸረሪት።»

«ምኗን ነው ያመማት?» አለች፤ ፊቷ ላይ የሳቅ ምልክት እንኳን የለም።

እኔ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ታማሚ ነኝ። ብልቃጥ ሳያስፈልገኝ ብልቃጥ እለምን ጀመር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ የሆሳዕና ሕዝብ በሙሉ መርፌ እንዲታዘዝለት የተመኘሁባቸው ሳምንታት ነበሩ። ክፍሌ ውስጥ የተደረደረውን ብልቃጥ ያየች አከራዬ ሌላ ክሊኒክ ልከፍት መስሏት የጉልበቷን ሕመም ነገረችኝ።

አንድ ሰኞ ታደለች ራሷ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። በእጇ ጥጥ የተወተፈበት ብልቃጥ ይዛለች። «ከአባቴ እንሰት ሥር ነው ያገኘኋት። አፏ ውስጥ የሆነ ነገር ይዛለች። ትውጠዋለች ብዬ ብጠብቅ አልዋጠችም» አለችኝ።

በማይክሮስኮፕ አየኋት። ከጤፍ ፍሬ እምብዛም አትበልጥም፤ እግሮቿ ከገላዋ ጋር የማይመጣጠኑ ረጃጅም ቀጫጭኖች፤ ቀለሟ ወደ ወይን ጠጅ ያደላ። ዓይኖቿ ስድስት፤ ሁለት ሁለት ሆነው ተቀምጠዋል። አፏ ላይ የያዘችው ደግሞ እንቁላሎቿን ነው፤ በስስ ድር ቋጥራ በመንጋጋዎቿ መካከል ይዛቸዋለች። መጽሐፌ አንዲት ግማሽ ገጽ ብቻ ነበረው ስለ እንዲህ ዓይነቶቹ። ጥቂት የሚታወቅ የትንንሽ ሸረሪቶች ቤተሰብ ነው ይላል። እናቶቹ ልጆቻቸው እስኪፈለፈሉ ድረስ እንቁላሉን በአፋቸው ይዘው ይኖራሉ። አንዱ ሊቅ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ቆጥሯቸው ነበር፤ ሌላው አይደለም ብሎ አወጣቸው፤ ሦስተኛው ከጎረቤት ጋር ቀላቀላቸው፤ አራተኛው ራሳቸውን አስቻላቸው። ከአጎት ቤት ወደ አክስት ቤት እንደሚዞር የሙት ልጅ ሲንከራተቱ የኖሩ ናቸው። መጨረሻቸው ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ገጹ ከዚያ በታች ተቀድዷል።

ለታደለች ይህን ሁሉ ነገርኳት። ረጅም ጊዜ በማይክሮስኮፑ ስታያት ቆየችና «በል እናትየዋን መልስልኝ፤ ካገኘሁበት ላኖራት ነው» አለች። ሳይንስ ምን ይላል ብዬ ልከራከር ስል አየችኝ። ብልቃጡን ሰጠኋት። ቅዳሜ በጭነት መኪና ሞርሲቶ ድረስ ይዛት ሄደች። በታሪክ መኪና ተሳፍራ ወደ ቤቷ የተመለሰች ሸረሪት እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

እኔ ግን ነገሩ አልተወኝም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላሉ አንድ የነፍሳት ምሁር ጻፍኩ። ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ፤ ያልኩት እውነት ከሆነ ከዚያ ጥቂት ከሚታወቅ ቤተሰብ ልትሆን እንደምትችል፣ በደብዳቤ ግን ሸረሪት እንደማይመደብ፣ ስለዚህ አሥር ያህል፣ ወንድም ሴትም፣ በጠንካራ አልኮል ውስጥ አድርጌ እንድልክ የሚል። ደብዳቤውን ለብዙ ሳምንታት በኪሴ ይዤው ዞርኩ። ሰላም ያለኝን ሁሉ አስነበብኩት።

አልኮል ፍለጋ ወደ ቤተ ሙከራው ሄድኩ። አልኮል የሚል የተለጠፈበት ጠርሙስ አለ፤ ውስጡ ያለው ውኃ ነው። በቃና ውኃው ወይን ጠጅ ሆነ፤ የእኛ ትምህርት ቤት ተአምር ተገልብጦ ነው የተፈጸመው። ስለዚህ ገበያው አጠገብ እትዬ ውድነሽ ቤት ሄጄ አንድ ጠርሙስ ዳግም አረቄ ጠየቅሁ፤ ያ ሁለት ጊዜ የሚወጣው፣ ክብሪት ስታስጠጋው የሚነደው። ለራሴ እንዳይመስላት ለሸረሪት ነው አልኳት።

እትዬ ውድነሽ ትከሻዬን መታ መታ አደረገች። «አይዞህ፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ። አንዱ ለጥርሱ ነው ይላል፤ አንዱ ለበሬው። ለሸረሪት ያለኝ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ» አለችኝ።

ለልምምድ የጣሪያዬን ሸረሪቶች አረቄ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመርኩ፤ አረቄው ደግሞ እየተነነ አስቸገረኝ፤ በየሳምንቱ ገበያ ቀን ጠርሙሴን ይዤ እመላለስ ነበር። የሆሳዕና ገበያ ማለት የሞርሲቶም፣ የዳምቦያም፣ የምድር ሰው ሁሉ ዓይን የሚሰበሰብበት ቦታ ነው። ሸረሪት ስድስት ዓይን አላት ብዬ የምደነቀው እኔ፣ ስንት ዓይን እያየኝ እንደሆነ አልቆጠርኩም።

የታደለች አባት አቶ ሎምቤቦ የሚባሉ፣ የሞርሲቶ አካባቢ አማኞች ሽማግሌ ነበሩ። ጴንጤ ናቸው። አረቄ ቀርቶ የቆየ ቦርዴ ደጃፋቸውን አልፎ አያውቅም። ቃላቸው እንደ ቁመታቸው ቀጥ ያለ ነው ይባላል። የጸሎት ቤታቸው በዚያን ጊዜ ታሽጎ ነበር።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ አጎቴንና ሁለት ሽማግሌዎችን ከዳምቦያ አስመጥቼ ላክኋቸው። አጎቴ እንደ ነገረኝ፣ ነገሩ መጀመሪያ በደንብ ሄደ። አቶ ሎምቤቦ ጎሳዬን ጠየቁ፤ እስከ ሰባት ቤት ተቆጠረ፤ ዝምድና የለም፤ መልካም። ካቶሊክነቴ ተነሣ፤ ከባድ ነው ግን እንነጋገርበታለን ተባለ። ከዚያ አቶ ሎምቤቦ ጉሮሯቸውን ጠርገው ልጁ ይጠጣል ይባላል አሉ። አጎቴ እውነቱን ብቻ እንዲናገር አስጠንቅቄው ነበርና «ኧረ አይጠጣም። የሚገዛው ለሸረሪት ነው» አላቸው።

በመጨረሻ አቶ ሎምቤቦ «ለሸረሪት አረቄ የሚገዛ ሰው፣ ለልጄ ምን ሊገዛላት ነው?» ብለው ጠየቁና ይቆየን አሉ። በእኛ አገር ይቆየን ማለት ነጠላ የለበሰ አይሆንም ነው። አጎቴ ተመልሶ ጫማውን እያወለቀ፣ ሌላ ጊዜ ሚስት ስትፈልግ ንብ አጥና፣ ንብ ቢያንስ ማር አላት አለኝ።

ታደለች ከአባቷ ቃል እንደማትወጣ ቁርጡን ነገረችኝ። እኔንም እንደማትተው ነገረችኝ። አንድ የወፍጮ ባለቤት ሽማግሌ ሊልክ እየተዘጋጀ እንደሆነም ጨመረች፤ ሰውዬው አይጠጣም፣ ሸረሪትም አያውቅም። እንግዲህ የምታደርገውን አድርግ ማለቷ ነው። እኔም ዘዴ አሰብኩ፤ አባቷ ጓሮ ሄጄ ሸረሪቶቹን እዚያው ልሰበስብ፣ ከዚያም በገዛ ዓይናቸው በአጉሊ መነጽር ላሳያቸው። ያን ጊዜ አረቄው ለማን እንደሆነ ይገባቸዋል። ታደለች ሐሳቡን አልጠላችውም። እሁድ ብቻ እንዳልሄድ አስጠነቀቀችኝ። ለምን ብላት እሁድ አባቴ ሥራ አለው ብላ አለፈችኝ።

ቅዳሜ ፈተና አርማለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የውይይት ክበብ አለ፤ መቅረት አይቻልም። የወፍጮው ባለቤት ደግሞ ሽማግሌ እያማረጠ ነው። እሁድ ሄድኩ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከአቶ ሎምቤቦ ቤት በስተጀርባ ባለው የእንሰት ጓሮ ውስጥ በሆዴ ተኝቼ ነበር። ትልልቆቹ እንሰቶች የደረቀ ቅጠላቸውን እንደ ቀሚስ ወደ መሬት ጥለዋል፤ ሸረሪቶቹ እዚያ ውስጥ፣ እርጥብ ጥላ ላይ፣ ስስ ድራቸውን ዘርግተዋል። እያንዳንዷን ይቅርታ እየጠየቅሁ አረቄ ውስጥ አሥራ ሦስት አስገባሁ። አሥራ አራተኛዋ እንቁላሏን በአፏ ይዛለች። ታደለች ትዝ አለችኝና ቅጠል ላይ እንዳለች ተውኳት፤ ቅጠሉን ብቻ ቆርጬ ያዝኩ። ሁሉንም እንደ ሳይንስ ሥርዓት ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አሰፈርኩ።

በዚህ መሐል ከቤቱ ውስጥ የንብ ድምፅ የመሰለ ሰማሁ። እውነቴን ነው፤ ቀፎ መሰለኝ። የአጎቴ ምክር ትዝ ብሎኝ በእንብርክኬ ተጠጋሁ። ስቀርብ ዜማ ሆነ። ሰዎች ናቸው፤ አፋቸውን ዘግተው እየዘመሩ ነው።

ያን ጊዜ አንድ እጅ ኮሌታዬን ያዘ። እንደ ድመት ግልገል ተንጠለጠልኩ። አቶ ሎምቤቦ ናቸው። በአንድ እጄ አጉሊ መነጽር፣ በሌላው ቅጠል፣ በኪሴ የአረቄ ጠርሙስ። እንዳንጠለጠሉ ወደ ቤት አስገቡኝ። ሃያ ሁለት ሰው ተቀምጧል። ዜማው ቆሟል። ደብተሬን አንድ ጎልማሳ ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበ፦

«እሁድ፣ ሦስት ሰዓት። ከአቶ ሎምቤቦ ቤት በስተጀርባ። አሥራ ሦስት ተገኝተዋል። ከእነርሱ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው።»

የሰዎቹን ፊት ባያችሁ። ያን ጊዜ ነው ታደለች እሁድን ለምን እንደ ከለከለችኝ የገባኝ፤ ለእነርሱ ምን መስዬ እንደ ታየኋቸውም። በዚያን ዘመን ሰው ቆጥሮ የሚጽፍ ሰው ለማን እንደሚጽፍ ይታወቃል። ጥግ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ብቻ በቆጠራው አልተስማሙም፤ «ሴቶቹስ አሥራ አራት ነን» አሉ።

አወራሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አውርቼ አላውቅም። ሰው ሳይሆን ሸረሪት እንደ ቆጠርኩ፣ ስለ ስድስቱ ዓይን፣ ስለዚያ ጥቂት ስለሚታወቅ ቤተሰብ፣ ከሊቅ ወደ ሊቅ ስለ መንከራተቱ፣ ስለ ደብዳቤው፣ ስለ አረቄው፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ደብዳቤውንም አወጣሁ፤ ያው በኪሴ ነበር። ቅጠሉንና አጉሊ መነጽሩን ለአሮጊቷ ሰጠኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩና «ይቺስ እናት ናት» ብለው ለቀጣዩ ሰው አሳለፉት። ቅጠሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አቶ ሎምቤቦም ከሁሉ በኋላ ተቀብለው ወደ መስኮቱ ሄዱና አዩ።

ቅጠሉ ገና እጃቸው ላይ ሳለ በር ላይ የተቀመጠችው ሴት ዘወር ብላ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር እየመጣ ነው አለች። ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው አልጮኸም። የመዝሙር መጻሕፍቱ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልለው ከቆጮው ጋር ተደረደሩ፤ እንዴት እንደ ፈጠኑ ስታዩ የመጀመሪያቸው እንዳልሆነ ይገባችኋል። ሊቀመንበሩ አንድ ጠብመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ አስከትሎ ገባ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ሆዱ ትልቅ፣ ፍርሃቱ ከሆዱ የሚበልጥ ሰው ነው። ወረዳው ስለ ስብሰባው ጠይቆት መልስ ማምጣት ነበረበት።

«ይኼ ሁሉ ሰው ለምን ተሰበሰበ?» አለ።

ሁሉም ወደ አቶ ሎምቤቦ አየ። መዋሸት እንደማይችሉ ሁሉም ያውቃል፤ ሊቀመንበሩም ያውቃል፤ ለዚህ ነው እሳቸውን እያየ የጠየቀው። እውነቱን ከተናገሩ ደግሞ ከነገ ጀምሮ ሃያ ሁለቱ ሰው የት እንደሚያድር አይታወቅም። ቅጠሉን ቀና አድርገው ያዙና ቀስ ብለው «መምህሩ ስለ ሸረሪት እያስረዳን ነበር» አሉ።

ሊቀመንበሩ ሳቀ። «እስቲ ሎምቤቦ፣ ሸረሪት ስንት ዓይን አለው?»

«እንደ ሸረሪቱ ነው። የአብዛኛው ስምንት ነው። ይቺ የእኛዋ ግን ስድስት ነው፤ ሁለት ሁለት ሆኖ የተቀመጠ። ወገኗ ገና በደንብ አልታወቀም።»

ሳቁ ቆመ። ወደ እኔ ዞረ። ማን እንደ ሆንኩ፣ ከየት እንደ መጣሁ ጠየቀ፤ ነገርኩት። ከዚያ ዓይኑን አጥብቦ «ታዲያ ይኼ ትምህርት በየእሁዱ ነው?» አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጉራዬን ስታነቡ ስለ ቆያችሁ እውነቱንም እወቁ፤ ዓይኔ በሩን ይፈልግ ነበር። ዛሬ ገና መምጣቴ ነው፣ እነዚህን ሰዎች አላውቃቸውም ብል ውሸት አይሆንም። ተነሥቼ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ይህ ነው፦

«በየእሁዱ ነው ጓድ ሊቀመንበር። መሠረተ ትምህርት የጨረሱ ሰዎች የተማሩት እንዳይጠፋባቸው ነው። ሲገቡ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ላይ ነበርን፤ እርስዎ እንዲገባዎ ከቁጥር አንድ እጀምራለሁ።»

ጀመርኩም። ከቁጥር አንድ። ዓይን፣ ጥፍር፣ መንጋጋ፣ የሆድ ቀለም። ሊቀመንበሩ ቁጥር ሰባት ላይ ወንበር ጠየቀ፤ ቁጥር አሥራ አንድ ላይ ዓይኑ መክበድ ጀመረ። አብዮት ጠባቂው ጠብመንጃውን ታቅፎ በጥሞና ያዳምጣል፤ ሦስት ጥፍር ያላቸውን አንድ ጊዜ እንድደግምለት ጠየቀኝ። ሊቀመንበሩ ለመሄድ ሲነሣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጠርሙስ አየ። ከፍቶ አሸተተ። ዓይኑ በራ።

«ይኼስ?»

«የማስተማሪያ መርጃ መሣሪያ ነው። ሸረሪት አለበት።»

ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። ጤፍ የምታክል ነገር እንደ እሱ ላለ ዓይን አትታይም። «እኔ ምንም አይታየኝም። ለምርመራ ይዤዋለሁ» አለና ምናልባት ሳይንስ ሰምቶት የማያውቀውን ቤተሰብ በብብቱ ሸጉጦ ወጣ።

እርምጃው ራቀ። ከዚያ የአሮጊቷ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ የጎልማሳው። ሃያ ሁለት ሰው አፉን ዘግቶ ሲስቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንባ ነው የሚወጣው።

አቶ ሎምቤቦ እስከ መንገዱ ሸኙኝ። ብዙ ከሄድን በኋላ ቆሙ።

«ሰውዬው በየእሁዱ ነው ወይ ሲልህ በየእሁዱ ነው አልክ።»

«አዎ አባባ።»

«ውሸት ነው።»

«ነው።»

«በእኔ ቤት ውሸት አድሮ አያውቅም። ስለዚህ በየእሁዱ ትመጣለህ።»

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ልሄድ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ያቺ እናት፣ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ትበላለች?»

«የምትበላ አይመስለኝም፤ አፏ ሙሉ ነው።»

«አፏን ብትከፍትስ?»

«ይወድቅባታል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ቤታቸው አቅጣጫ ዞሩና «ዛሬ ሃያ ሁለት ሰው አፍህ ውስጥ ነበር» አሉኝ። የጭነት መኪናው መጣ። ሆሳዕና እስክደርስ የመኪናው አቧራ ነው ዓይኔን ያስለቀሰኝ ብዬ ለሾፌሩ ነገርኩት።

እንግዲህ ከአንድ ዓመት በላይ፣ በየእሁዱ፣ ከጸሎት በፊት ግማሽ ሰዓት የሸረሪት ትምህርት ተሰጠ። ቀልድ አይደለም፤ አቶ ሎምቤቦ የቀረ ሰው ነበር ወይ ብለው ይጠይቁ ነበር። አሮጊቷ ከቁጥር አንድ እስከ አርባ በቃላቸው ያዙት፤ ማንበብ ግን አያውቁም። ሊቀመንበሩ ለወረዳው የሸረሪት ጥናት ክበብ በማኅበሩ ተቋቁሟል ብሎ ሪፖርት አደረገ፤ ወረዳውም ከፍሬያማ ሥራዎች መካከል ቆጠረው። ጠርሙሱን ባዶውን ላከልኝ፤ ምርመራው ተጠናቋል፣ የሆድ ቁርጠቴን አሽሎልኛል፣ ተጨማሪ ናሙና ካለ እቀበላለሁ ከሚል መልእክት ጋር።

አሥራ ሦስቱ ሸረሪቶች ያለቁት በዚህ ዓይነት ነው። እንደገና መሰብሰብ ነበረብኝ፤ እንደገናም አረቄ። ያን ሳምንት ፈተና ይዞኝ ገበያ መውጣት አልቻልኩም። አቶ ሎምቤቦ ጉዳይ ኖሯቸው ሆሳዕና መጥተው ነበርና እኔ ሄጄ አመጣለሁ አሉ። ተዉ ብዬ ብለምናቸው በጄ አላሉም። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ቀጥ ባለው ቁመታቸው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን እትዬ ውድነሽ ቤት ገቡ። አንድ ጠርሙስ ዳግም አረቄ ጠየቁ። ለሸረሪት ነው አሉ።

እትዬ ውድነሽ ጋቢያቸውን መታ መታ አድርጋ «አይዞዎት አባባ፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ» አለቻቸው።

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ሞርሲቶ ገባ። እሳቸው ጠርሙሱን ሲሰጡኝ ፊታቸው ሌላ ነበር። አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀምጠው «ለካ እውነት ተናግሮ አለመታመን እንዲህ ነው» አሉኝ። በዚያው ሳምንት ለአጎቴ ዳምቦያ ድረስ መልእክት ደረሰው፤ ሽማግሌዎቹን ይዞ ይመለስ የሚል።

የዩኒቨርሲቲው መልስ ከሠርጋችን ትንሽ ቀደም ብሎ መጣ። ሸረሪቷ ከሚታወቁት ጋር ሙሉ በሙሉ አትገጥምም፤ ሌላ ቤት ልንሠራላትም አንደፍርም፤ ለጊዜው ከዚያ ቤተሰብ ጋር አስቀምጠናታል ይላል። ደብዳቤውን ለአቶ ሎምቤቦ አነበብኩላቸው። ለጊዜው የምትለውን ቃል ደገም አድርጌ እንዳነብ ጠየቁኝ።

ሠርጉ ቀን፣ በቅቤ የራሰው የሠርግ ምግብ፣ አተካናው፣ ቀርቦ ሰው ሁሉ በየወገኑ ሲቀመጥ፣ ከታደለች ዘመዶች አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ይህን ሙሽራ የት እናስቀምጠው ብለው ጠየቁ። ከምባታ ነው፣ ካቶሊክ ነው፣ ሥራው ሸረሪት ነው፤ ከማን ጋር እንመድበው አሉ። ሰው ሳቀ። አቶ ሎምቤቦ አልሳቁም። አጠገባቸው ያለውን ሰው ጠጋ በል ብለው ቦታ ከፈቱና «ለጊዜው ከእኛ ጋር አስቀምጡት» አሉ።

ያ ለጊዜው ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። አቶ ሎምቤቦ እስኪያርፉ ድረስ ቤታችን በመጡ ቁጥር ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት ወደ ጣሪያው ጥግ ቀና ብለው «አለች?» ይሉ ነበር። ታደለችም አለች ትላቸዋለች። የቤታችን ሸረሪት ስምንት ዓይን ያላት ተራ ሸረሪት መሆኗን ነግሬአቸው አላውቅም። እሳቸው ግን ጠንቅቀው ያውቁ እንደ ነበር እገምታለሁ፤ ስምንት ዓይን ያላቸው በሚላኩበት ቁጥር አራት ላይ ማንም አይቀድማቸውም ነበርና።